የኤሮ ተጫዋቾች

ሰሞኑን መካነ ሰላም የምኖርበትን ቤት ሳጸዳ፣ ከአባቴ ቤት በመጣ እግሩ ያጠረ ቁም ሣጥን ሥር ለዓመታት ተወትፋ የኖረች ጥቁር የጎማ ክብ ተፈናጥራ ወጣች። መዳፍ የምታህል፣ ከመጠኗ ይልቅ ክብደቷ የሚገርም ነገር ናት። አንስቼ አሸተትኳት። የጎማውን ሽታ ስስበው፣ እውነቴን ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ።

ያደግሁት አቀስታ ነው። አባቴ ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋል፤ እናቴ ደግሞ ከግቢያችን አንዷን ክፍል ታከራይ ነበርና አንድ ዓመት ኤሮ የሚባል ፊንላንዳዊ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ገባባት። እኛ ጋቢ ደርበን ጥርሳችን እየተንገጫገጨ፣ እሱ ጠዋት ጠዋት ደጅ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ገላውን ይታጠብ ነበር። «ያረቢ፣ ይኼ ሰውዬ ምን እየበላ ነው ያደገው?» ትላለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ።

የክፍሉን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሸፈነው የትውልድ ከተማው የበረዶ ሆኪ ቡድን ፎቶ ነው። በተሰባበረ አማርኛው እንደነገረን፣ ቡድኑን የመሠረቱት ሐይቅ ዳር ካለ እንጨት መሰንጠቂያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ሐይቁ በብርድ ድንጋይ ሲሆን ፍልጥ አቁመው ጎል እያደረጉ፣ ጫማቸው ላይ ስለት አስረው፣ የጎማ ክብ በዱላ እየመቱ ይጫወቱ ነበር። ጣሪያ ያለው ሜዳ የተሠራላቸው በልጆቻቸው ዘመን ነው። ፎቶው ላይ ያለው አምበል ሁለት ጣቶቹን መጋዝ የወሰደበት ሰው ነበር። ከጎኑ የቆመው አጭሩ የጫማ ሰፊ ልጅ ሲሆን በሩጫ ማንም አይደርስበትም። አባቴ ግን ዓይኑ ከሱሪያቸው አልነቀል ብሎ፣ «አጃኢብ ነው! ለአንድ ሱሪ ይህን ሁሉ ጨርቅ!» እያለ በጣቱ ይለካ ነበር።

እኔን ያስፈራኝ በረኛው ነው። ፊቱን ነጭ ጭንብል ሸፍኖታል፤ ዓይኖቹ ያሉበት ቦታ ሁለት ጥቁር ቀዳዳ ብቻ ነው። ክፍሉን እንድጠርግ ስላክ ቢስሚላሂ ብዬ እገባና ጀርባዬን ሳልሰጠው ጠርጌ እወጣለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ግን ፍርሃት የሚባል አልፈጠረበትም። የተጫዋቾቹን ዱላ ገና ባየበት ቀን «ይኼማ ገና ነው!» ብሎ የራሱን የገና ዱላ እየጎተተ መጣ፤ ኤሮም ስቆ ያቺን የጎማ ክብ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ሰይድ ተጫዋቾቹን ሁሉ በስማቸው እየጠራ ግቢውን ሲያምስ ይውላል። ኤሮ ስሙን የማይጠራው ከረድፉ ጫፍ የቆመውን ለጋ ወጣት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ፣ «ለመሆኑ ያ የምትጫወቱበት ውሃ ከድቶ አያውቅም?» ሲል ጠየቀው። ኤሮ፣ «ይከዳል» አለ፤ በአገጩም ወደ ረድፉ ጫፍ አመለከተ። «እሱ ገባ። አልወጣም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተረበሸ። ውሃ እንዳይበላው መፍራቴን ለሰይድ ብነግረው፣ «አንቺ በረኛውን ስለምትፈሪ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እሱ የአቀስታም ውሃ አንድ ቀን እንደ ኤሮ አገር ይረጋል እያለ በየማለዳው ሊያይ ሲወጣ፣ እኔ ደግሞ እሱን ስጠብቅ ይነጋብኛል። እናቴ ዘንድ ሄጄ ብናገር፣ «የኛ አገር ውሃ መች ሰው ይሸከማልና!» ብላ አባረረችኝ። ይኸው ነበር እኮ የኔም ጭንቀት።

ታኅሣሥ ገብቶ ውርጩ ሣሩን ያነጣበት አንድ ማለዳ ስነሣ፣ የሰይድ መኝታ ባዶ ነው፤ ዱላውም የለም። ወዴት እንደሄደ ለመጠየቅ እንኳ አልቆምኩም። ከቤታችን ቁልቁል ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አለ፤ ዳሩ ገደል ነው፣ ጭቃው እግር ይነጥቃል። ስደርስ ኩሬው ከላይ ነጭ ቆዳ ለብሷል። ሰይድ ድንጋይ ላይ ቆሞ በዱላው ኳ ኳ ያደርገዋል። ዞሮ አየኝና ሳቀ፤ ሲረግጠው አየሁ።

ድምፁ ብርጭቆ ሲሰበር እንደሚሰማው ያህል ትንሽ ነበር። ሰይድ እስከ አንገቱ ገባ። ልጮህ አፌን ብከፍት ድምፅ የለኝም። በሆዴ ጭቃው ላይ ተኝቼ ሰይድ የጨበጠውን ዱላ ጫፍ ያዝኩ። መሳብ አቃተኝ፤ ብለቀው እንደሚሞት ግን አውቅ ነበር። ድምፄ የመጣልኝ ያኔ ነው፤ እንዴት እንደጮህኩ እስከ ዛሬ የሰፈሩ ሰው ያወራዋል።

ኤሮ በባዶ እግሩ አጥሩን ዘሎ መጣ። በረዶውን በደረቱ እየሰበረ ገብቶ ሰይድን አቅፎ ወጣ፤ ቤት ከገባን በኋላም አልለቅም አለ። እናቴ እጁን ቀስ አድርጋ እየፈታች፣ «ተርፏል እኮ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይልቀቁት» ትለዋለች፤ እሱ ግን ልጁን የሚጠራው በሰይድ ስም አልነበረም። አባቴ ማንን እንደሚጠራ ሲጠይቀው፣ «ወንድሜን» አለ።

በማግሥቱ ፎቶው ወርዶ የክፍሉ ግድግዳ ባዶ ሆነ። ኤሮ ጉድጓዱን ጨርሶ ሲሄድ ስለ ተጫዋቾቹ ዳግመኛ አላነሣም፤ ሰይድም አልጠየቀም። ያቺ ክፍል ፈርሳለች፤ አባቴና እናቴም አልፈዋል። ከተጫዋቾቹ ስም በሰይድም በእኔም አእምሮ የቀረ አንድ የለም።

ሰይድ ዛሬ ከመካነ ሰላም አቀስታ ሚኒባስ ይነዳል። መንገዱ ሲዘጋ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ስልኩ አልሠራ ሲለኝ በር ላይ እቆማለሁ። ሰው ልጅነቴን ናፈቅሁ ሲል ደስታውን ማለቱ ነው፤ እኔን የሚናፍቀኝ የልጅነት ፍርሃቴ ነው። ያኔ የምፈራው ከቤታችን ቁልቁል ያለችውን አንዲት ኩሬ ነበር፤ ሮጬ እደርስባታለሁ። ዛሬ ሰይድ ሲዘገይብኝ ወዴት እንደምሮጥ አላውቅም።