ቃጭል ለሚጠፋ

አባቴን የመርሳት በሽታ ከያዘው ወዲህ እኔ ቢሮ ስገባ እሱ ከቤት ይወጣል። ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። አንዴ ገበያ መሃል፣ አንዴ ባምባሲ መንገድ ላይ ይገኛል። የአሶሳ ሰው ደግ ነው፣ እጁን ይዞ ይመልስልኛል። ግን አንድ ቀን ጫካ ገብቶ ቢቀርብኝስ?

ስለዚህ የክብሪት ቀፎ የምታክል፣ ያለበትን ቦታ ስልኬ ላይ በነጥብ የምታሳይ መሣሪያ አስመጥቼ በክር አንገቱ ላይ አሰርኩለት።

"ምንድን ነው?" አለኝ።

"እንዳትጠፋ ነው አባዬ።"

"አሃ፣ ቃጭል ነዋ!" አለ። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ የሰፈረ ገበሬ ነው፤ ቃጭል አይጠፋውም።

በማግስቱ ከቢሮ ሆኜ ስልኬን ብከፍት ነጥቧ ትሮጣለች! ወገቡን ይዞ የሚነሳ ሽማግሌ እንዴት እንዲህ ይሮጣል? ዞረች፣ ተመለሰች፣ ማሽላ ውስጥ ገባች። አለቃዬን ሳላስፈቅድ በባጃጅ በረርኩ። ሰፈር ስደርስ ማንጎ የሚነግደው የበርታ ጎረቤታችን ጫማውን በእጁ ይዞ ተከተለኝ። ማሽላውን ገለጥ ስናደርግ ፍየላችን መሣሪያዋን አንጠልጥላ ታመነዥካለች።

አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" የሚለው ጎረቤታችን፣ "ወላሂ፣ አባትህ ፍየል ሆነ!" ብሎ በሳቅ መሬት ላይ ተዘረጋ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም። አባቴ የታለ?

ስልኬ ጮኸ። የቢሯችን ጥበቃ ነው፤ "አባትሽ እዚህ መጥተው ይፈልጉሻል" አለኝ። እንዴት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ።

ደርሼ ጮህኩበት። "ለምን ለፍየሏ አሰርክላት?"

"የምትጠፋው እሷ ናታ! እኔ መቼ ጠፋሁ?" አለ። ትንሽ አሰበና መሣሪያዋን ከእጄ ወስዶ እኔው አንገት ላይ አሰራት። "አንች ደግሞ ከሷም ብሰሻል። ጧት ወጥተሽ ቅልጥ ነው። አንችን ስፈልግ እግሬ አለቀ።"

ለካ በየቀኑ የሚወጣው እኔን ፍለጋ ነበር። ጥበቃው ፊት አለቀስኩ።

አሁን መሣሪያዋ እኔ አንገት ላይ፣ አሮጌው ስልኬ እሱ እጅ ላይ ነው። ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነጥቧን ይጠብቃል። ምሳ ልበላ ስወጣ ለጎረቤታችን "ተነሣች" ይለዋል። ከግቢ መውጣቱን ግን ትቷል።

ስሜን ከረሳው ቆይቷል። አመሻሽ ላይ ስደርስ ስልኩን ያስቀምጥና "እሰይ፣ ገባች" ብሎ በሩን ራሱ ይዘጋል።