ቴፓኤሩ፣ ኖሮዋና የማይከፈተው ፎልደር

ቴፓኤሩ በአይቱታኪ ደሴት አውሮፕላን ማረፊያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሻንጣ ስትመዝን የኖረች ሴት ናት። ሻንጣ ብቻም አይደለም፤ አውሮፕላኗ ትንሽ ስለሆነች ተሳፋሪውንም ሚዛን ላይ ታወጣ ነበር። ያየችውን ክብደት ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። በዚህ የተነሣ በደሴቱ ላይ ቴፓኤሩን የማታምን ሴት አልነበረችም።

ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ዓመት ሲቀራት እናቷ ሞቱ። እንደ አገሩ ወግ በቲቫይቫይ ተጠቅልለው ተቀበሩ፤ ሴቶች ወራት ፈጅተው ከጨርቅ አበባና ቅጠል እየቆረጡ በሚሰፉት በዚያ ሰፊ የአልጋ ልብስ። ዓመቱ ሲዞር ቴፓኤሩ ያንኑ የእናቷን ንድፍ ልትሠራ ጨርቅ ዘርግታ ተቀመጠች። ቀይ መሆኑን ታውቃለች፤ ቅጠሉ ወዴት እንደሚታጠፍ ግን ጨርሶ ከልቧ ጠፍቷል። ሦስት ቀን ታግላ ጨርቁን አጥፋ ሣጥን ውስጥ መለሰችው።

ካሜራ የገዛችው ያን ጊዜ ነው። ሠርግም ይሁን ልቅሶ፣ ቲቫይቫይ ከቤት ሊወጣ ነው ሲባል ሞተር ሳይክሏን አስነሥታ ትደርሳለች። ሴቶቹ አራቱን ማዕዘን ይዘው ይወጥሩላታል፣ ታነሣለች፣ ትሄዳለች። አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ አነሣች። ከሁለት ሺህ የሚበልጡት ፎቶዎች ኦክላንድ የምትኖረው የእህቷ ልጅ በላከችላት ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

የዝናቡ ወራት ሊያልፍ ሲል ኮምፒውተሩ አመል አወጣ። የፎቶውን ፎልደር ስትከፍት ስክሪኑ ድርቅ ይላል፣ ሰማያዊ ይሆናል፣ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ራሱ ይነሣል፤ እንደገና ስትከፍት እንደገና ይሞታል። ቴፓኤሩ ነገሩን ለማንም አልተናገረችም፤ ትንሽ ቢያርፍ ይሻለው ይሆናል ብላ ጨርቅ አልብሳ ተወችው።

ነገሩን መተው ያልቻለችው ማማ ኡፖኮይና የመጡ ዕለት ነው። ማማ ኡፖኮይና ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ንድፍ በመቁረጥ በደሴቱ ላይ የሚስተካከላቸው የለም። አሁን ዓይናቸው ደክሞ ከብርሃንና ከጥላ በቀር አያዩም። የልጅ ልጃቸው ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ለሙሽራይቱ እናት፣ ለሟቿ ልጃቸው ማለት ነው፣ በወጣትነቷ የቆረጡላት ባለ አናናስ ቲቫይቫይ ነበር። እሷን ሲቀብሩ አብሮ ተቀበረ። አሮጊቷ ያንኑ ደግመው ሊቆርጡ ፈልገዋል።

«አንስተሽዋል አይደል፣ ልጄ?» አሏት።

«አንስቻለሁ፣ ማማ» አለች። አይከፈትም ለማለት አፏ እንቢ አላት።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቅልላ ወደቡ አጠገብ ወዳለ አንድ ጠጋኝ ወሰደችው። ሰውየው ጥቂት ነካካና ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው የሚሻለው አላት። ፎቶዎቹስ ብትለው፣ እነሱማ አብረው ይጠረጋሉ አለ። ቴፓኤሩ አመስግና ፎጣዋን መልሳ ጠቀለለች።

እቤቷ ሳትደርስ ኖሮዋ ትዝ አላት። ኖሮዋ ጎረቤቷ ነው፤ አብረው ነው ያደጉት። ዕድሜ ልኩን የወደቡን የዓሣ ፍሪዘሮች ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ማኤቫ ከሞተች ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት የሰው ቤትም ቤተ ክርስቲያንም መሄድ ትቷል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የጀልባ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ቴፓኤሩ በኮኮናት ወተት የተሠራ የጎደሬ ቅጠል በሳህን ይዛ ሄደችና የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አላት።

«ስትወለድስ ፍሪዘር ታውቅ ነበር?»

ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንቺ ሴትዮ፣ ሚዛን ላይ የወጣ ሁሉ የሚፈራሽ ለካ በዚህ ምላስሽ ነው» ብሎ መነጽሩን ፈልጎ ተከተላት።

ኖሮዋ መጀመሪያ ምንም አልነካም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንደ ሐኪም ይጠይቃት ጀመር። መቼ ነው የሚሞተው? ደብዳቤ ስትጽፊስ? መዝሙር ስትከፍቺስ? ደብዳቤውም ይጻፋል፣ መዝሙሩም ይዘመራል፤ የሚሞተው የፎቶ ፎልደር ሲከፈት ብቻ ነው። «እንግዲያው ማሽኑ በሕይወት አለ» አለ። «የሚያስደነግጠው አንድ ነገር አለ፤ እሱን እንፈልግ።»

ሙቀት እንዳይሆን ጎኑን ፈታ። ማራገቢያው ሥር አቧራ ተጋግሯል፤ መሐሉ ላይ የእንሽላሊት እንቁላል ሁለት፣ አንዱ ተፈልፍሎ ልጁ ሄዷል። በቀለም ብሩሽ ቀስ አድርጎ ጠረገው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ድምፁ እንደ አዲስ ለስልሶ ነበርና ቴፓኤሩ ደስ ብሏት ፎልደሩን ከፈተች። ድርግም።  ኖሮዋ ግን፣ «ደግ ነው፤ ሙቀት አለመሆኑን አወቅን» አለ፣ አንድ ነገር እንዳተረፈ ሰው።

ከዚያ የኮምፒውተሩን ማስተካከያዎች አንድ በአንድ ያነብ ጀመር። የፍሪዘር መመሪያ እንደሚያነበው በጣቱ እየተከተለ፣ መስመር ሳይዘል። ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ፤ የፎቶዎቹን ትንንሽ ምስል አታሳይ፣ ምልክትና ስም ብቻ አሳይ የሚል ነው። ያን መርጠው ፎልደሩን ሲከፍቱ ተከፈተ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ፎቶ፣ ሁሉም በቁጥር ስም ተደርድሮ። ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም።

«አየሽ? ስማቸውን ሲያነብ አይሞትም» አለ ኖሮዋ፤ «ፊታቸውን ሊሥል ሲሞክር ነው። ከነዚህ አንዱ ብልሹ ነው፤ እሱ ላይ ሲደርስ ይወድቃል።»

ቴፓኤሩ እንግዲያው አናናሱን አሁኑኑ ልፈልግ ብላ እጇን ሰደደች። ኖሮዋ እጇን ያዛት። የካሜራው ቀን ከመጀመሪያው ተሳስቶ ስለኖረ የትኛው ቁጥር የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ አንድ በአንድ ስትከፍት ብልሹውን መርገጧ አይቀርም። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። መጀመሪያ ቅጂ» አላት። ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጠው ሲጨርሱ ፀሐይ ወደ ባሕሩ አዘንብላ ነበር። ቴፓኤሩ አንዱን ፍላሽ በእጇ ጨብጣ ለብዙ ቀን የራቃትን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ኮምፒውተሩ ቢቃጠል እንኳ ከእንግዲህ ፎቶዎቹ አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ኖሮዋ ሳይጠሩት መጣ። አሥራ አምስት ፍሪዘር በአንድ የመብራት መስመር ላይ ተቀጥሎ አንዱ ሲበላሽ ምን ያደርግ እንደነበር ነገራት፤ ግማሹን ይቆርጣል። መብራቱ ከጸና ጥፋቱ በተቆረጠው ውስጥ ነው፤ ካልጸናም በቀረው። ፎቶዎቹንም እንዲሁ ከሁለት ከፈሏቸው። አንዱን ግማሽ ሌላ ፎልደር አስገብተው ከነምስሉ ሲከፍቱት ደኅና ሆነ። የቀረውን ደግሞ ከሁለት ከፍለው አንዱን ከፈቱ። ሞተ። እስኪነሣ ስምንት ደቂቃ ነው፤ በዚያ መሐል ሙዝ ይበላሉ፣ የሰው ወሬ ያነሣሉ። አራተኛው ዙር ላይ በወሬ ተይዘው የትኛው ግማሽ የትኛው እንደነበር ጠፋባቸው፤ እሱ በእሷ አሳበበ፣ እሷም በእሱ፤ አንድ እርምጃ ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ቴፓኤሩ በሻንጣ መለያ ወረቀት ላይ ትጽፍ ጀመር።

ከምሳ በኋላ ሠላሳ አራት ቀሩ፤ ከዚያ አሥራ ሰባት፤ ከዚያ አምስት። በመጨረሻ አንድ ፋይል ብቻውን ቀረ። ያን ብቻ ቢከፍቱት ማሽኑ ወደቀ። ምን ፎቶ እንደሆነ አልታወቀም፤ እስከ ዛሬም አይታወቅም። በቁጥር ከፊቱና ከኋላው ያሉት ግን የቤተ ክርስቲያን ግብዣ ፎቶዎች ናቸው።

«ይህን ሁሉ ያመጣብን የአሳማ ጥብስ ነው በይኛ» አለ ኖሮዋ።

ልታጠፋው ስትል ተይው አላት፤ ለብቻው በአሮጌ ፍላሽ አስቀመጡት። የቀሩትን አንድ ላይ መልሰው፣ ምስል አታሳይ ያሉትን ትእዛዝ አንሥተው ፎልደሩን ከፈቱ። ቀዩ፣ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው እየተከታተለ መጣ፤ ማዕዘን ይዘው የቆሙት ሴቶች ጣቶች እንኳ ሳይቀሩ ብቅ ብቅ አሉ፣ ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሌሉ። ቴፓኤሩ አንድ በአንድ አየች። አናናሱን ስታገኘው በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች።

ሲረጋጋላት፣ ምን ላድርግልህ ብላ ጠየቀችው። ኖሮዋ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርገው ጀመር።

«የማኤቫን አሳዪኝ» አለ። «የቀብሯ ቀን ደጅ ይዘውኝ ነበር። በምን እንደጠቀለላችኋት አላየሁም።»

አገኘችለት። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ አበባ ነው፤ ጥጉ ላይ በክር ስም ተጽፏል። ኖሮዋ ጎንበስ ብሎ አነበበው። የገዛ ስሙ ነበር።

«ለሰባ ዓመት ልደትህ ነበር የምትሰፋው፣ እኔ ቤት እየመጣች» አለች ቴፓኤሩ። «ሳትሰጥህ ቀረች። አብሯት ይሂድ ያልነው እኛ ነን። ስትጠይቀኝ እነግርሃለሁ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጠየቅህም።»

ኖሮዋ ጣቱን ስሙ ላይ አሳረፈ። ከዚያ፣ «ደግ አደረጋችሁ» አለ። «በስሜ ተጠቅልላ ሄዳለች ማለት ነው።» እስኪመሽ ከዚያ ፎቶ ፊት አልተነሣም፤ እሷም አላስነሣችውም።

ዓርብ ቴፓኤሩ ፎቶውን እያየች የአናናሱን ቅርጽ በኖራ ወለሉ ላይ በትልቁ ሣለች። ማማ ኡፖኮይና ጨርቁን ስምንት ቦታ አጥፈው፣ ቅጠሉ ስንት ነው፣ አናቱ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ እያሉ በጥያቄ አደከሟት። ከዚያ መቀሱን አነሡና አንዴም ሳያቆሙ ቆረጡት። ጨርቁ ሲዘረጋ ከፎቶው የተለየ አንድ ቅጠል አልነበረም። ሃያ ሴቶች ተረባርበው ሰፉት፤ ሙሽራይቱም በእናቷ አናናስ ተዳረች።

በእሑዱ ጸሎት ምስጋና ያለው ይነሣ ሲባል ቴፓኤሩ ተነሣች። ለእህቷ ልጅ፣ ለማማ ኡፖኮይና እጆች፣ ማዕዘን ይዘው ለቆሙት ሴቶች ሁሉ ምስጋና አቀረበች። በመጨረሻ ኖሮዋን በስሙ ጠርታ፣ ማሽን ከመንካቱ በፊት ሰው ይጠይቃልና እግዜር ይስጠው አለች። ኖሮዋ ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣበት እሑድ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ የመዝሙር መጽሐፉን ገለጠ።