ተዋናዮችን ፍቺ ያስተማረችው ኦሊቭ

ኦሊቭ ፓውሊክ በዊኒፔግ ከተማ የቤተሰብ ችሎት ሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ ነበረች። ስም ትጠራለች፣ ባለጉዳይ ታስምላለች፣ መዝገብ ለዳኛ ታቀርባለች። ገበያ ስትወጣ አይቷት ፊቱን የሚያዞር ሰው አታጣም። "እኔን ሲያይ የቀድሞ ሚስቱ ትዝ ትለዋለች፤ እኔ ምን አጠፋሁ?" እያለች ትስቅ ነበር።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ዓመት ሪሳ ማናሎ የምትባል የከተማችን ልጅ ስለ አንድ ቤተሰብ መፍረስ ፊልም ልትሠራ ተነሣች። የድምፅ ባለሙያው እኔ ነበርኩ። ባልና ሚስቱን የሚጫወቱት ድዌን ስፔንስና ጂኔት ላቫል ጎበዝ ተዋናዮች ናቸው፤ ችግሩ አንዳቸውም አግብተው አያውቁም። ሪሳ አስተማሪ ስታፈላልግ አንድ ጠበቃ ወደ ኦሊቭ መራት። ኦሊቭም መጣች። ሪሳ ለምናት በፊልሙ ውስጥ የችሎት ጸሐፊዋን ራሷ እንድትጫወትም አሳመነቻት።

ልምምዱ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ድዌን ከችሎት ወጥቶ፣ የፍቺውን ወረቀት ቀዳዶ፣ ሚስቱ ላይ የሚጮህበትን ትዕይንት ተጫወተ። ጮኸ ስላችሁ፣ ማዳመጫዬን ከጆሮዬ አሸሸሁ። ሁላችንም አጨበጨብን። ኦሊቭ አላጨበጨበችም።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ የት አገር ነው?" አለችው።

"እንዴት ማለትዎ ነው?"

"እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ወረቀት የቀደደ ሰው አላየሁም። እሱን ለማግኘት ስንት ወር እንደሚጠበቅ ታውቃለህ? እንደ ሕፃን አቅፈውት ነው የሚወጡት።"

ሪሳ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ታዲያ እትዬ ኦሊቭ፣ ምንድን ነው የሚያደርጉት?" አለቻት።

"መውጫው በየት ነው ይሉኛል። በገቡበት በር መውጣት ይጠፋባቸዋል። ባልየው የሚስቱን ኮት ተሸክሞ መንገድ ይጀምራል፣ ልማድ ነዋ። ከዚያ ይነቃና 'ይቅርታ፣ ያንቺ ነው' ብሎ ይመልሳል። የሚጮሁት መጀመሪያ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ ድምፅ ያለው ሰው የለም።"

ጂኔት ወንበሯን ስባ ቀረበቻት። "እርስዎስ አግብተው ነበር?"

ኦሊቭ ስኒዋን አስቀመጠች። ከዚያ ነገረችን።

ሃያ ስድስት ዓመት ኦረስት ከሚባል የባቡር ሠራተኛ ጋር ኖራለች። "ቤታችን ጠብ አልነበረበትም፤ ወሬም አልነበረበትም። ዝም ተባብለን አረጀን።" ሲፋቱ እሷ የዊኒፔግ ችሎት ሠራተኛ ስለነበረች ጉዳያቸው የታየው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ብራንደን የምትባል ከተማ ነው። የካቲት ነበር፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት። እሱ በፒካፑ፣ እሷ በራሷ መኪና ሄዱ። ዳኛው በሩብ ሰዓት ጨረሰ። ወጥታ ቁልፉን ብታዞር መኪናዋ ጭጭ። በእኛ አገር ብርድ የቆመ መኪና ሞተሩ እንዳይደርቅ ማሞቂያው ኤሌክትሪክ ላይ ይሰካል፤ እሷ ግን ጠዋት ባዶ ሶኬት አጥታ ነበር።

"ኦረስት ከግቢው ወጥቶ ነበር። በመስተዋት አይቶኝ ነው መሰለኝ፣ ተመለሰ። የሁለቱን መኪና አፍንጫ አጋጥሞ ከባትሪው ወደ ባትሪዬ ኬብል ሰካና 'ግቢ፣ ትሞቻለሽ' አለኝ። ጋቢናው ውስጥ ገባሁ። ባትሪዬ ጥቂት ኃይል እስኪጠጣ ዐሥር ደቂቃ ያህል አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከተፋታን ግማሽ ሰዓት አልሞላንም። ምን ይባላል? ምንም አልተባባልንም። መኪናዬ ስትነሣ 'ቤትሽ እስክትደርሺ ሞተሩን እንዳታጠፊ' አለኝና ሄደ። አመሰግናለሁ እንኳ አላልኩትም። ተናድጄ ነበር። የተናደድኩት ጥሩ ሰው ስለሆነብኝ ነው።"

ሪሳ የጩኸቱ ትዕይንት የተጻፈበትን ገጽ ከድርሰቱ ውስጥ መዝዛ አወጣች። "እትዬ ኦሊቭ፣ ይሄን ይስጡኝ። ፊልሜ ይሄ ነው።"

"ግማሹ የሱ ነው" አለች ኦሊቭ። "ሳልጠይቀው አልሰጥም።"

ሁለቱ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። ሌስያ የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሬጃይና በምትባል ሌላ ከተማ የምትኖር። እሷም መጀመሪያ የገናን በዓል አንድ ዓመት ከእናቷ፣ አንድ ዓመት ከአባቷ ታሳልፍ ነበር፤ ኋላ ግን ሥራ በዛብኝ እያለች ከሁለቱም ቀረች።

ኦሊቭ ለመደወል ወደ ደረጃው ወጣች። ለሙከራ የሰካሁባት ማይክ ኮሌታዋ ላይ መኖሩን ረስታዋለች፤ ጆሮዋ ስለሚደክም ስልኩንም በድምፅ ማጉያ ነው የከፈተችው። ማዳመጫዬን ማውለቅ ነበረብኝ። አላወለቅኩም።

"ኦረስት፣ እኔ ነኝ።"

"ምነው? ሌስያ ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። ብራንደን መኪናዬ የቆመችበት ቀን ትዝ ይልሃል?"

"አረጀሁ እንጂ አልሞትኩም እኮ።"

"ፊልም ሊያደርጉት ነው። አይሆንም ካልክ ይቀራል።"

"እኔን የሚሆነው ማነው?"

"ድዌን የሚባል ልጅ። መልከ መልካም ነው።"

"እንግዲያው አልተሳሳቱም። ፒካፑስ?"

"ይከራያሉ መሰለኝ።"

"አዲስ መኪና አምጥተው እንዳያሳፍሩኝ! የኔው አሁንም ይሠራል። ይዤው እመጣለሁ።"

እንዳለውም ረቡዕ ጠዋት በዚያ ጥርስ በሚያንቀጫቅጭ ብርድ አረንጓዴ ፒካፑን እየነዳ መጣ። ቁመቱ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ለሠራተኛው ሁሉ የሚበቃ ቋሊማና ጥቁር ዳቦ ጭኖ ነበር። ኦሊቭን ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አላትና በቀጥታ ወደ ድዌን ሄደ፤ ኮፈኑን ከፍቶ ያስተምረው ጀመር።

"ቀዩን እዚህ። ጥቁሩን ግን የሞተው ባትሪ ላይ አይደለም! የሞተሩ ብረት ላይ ያዘው። እኔን ሆነህ እኔን ልታቃጥለኝ ነው እንዴ?"

"እሺ አባባ።"

"ቶሎ ቶሎም አትበል። እኔ ቶሎ ብዬ አላውቅም፤ እሷን ጠይቃት።"

"እውነቱን ነው" አለች ኦሊቭ ከሩቅ፤ ሁሉም ሳቀ።

ቀረጻው ተጀመረ። ድዌንና ጂኔት ጋቢናው ውስጥ ተቀመጡ። ሁለት ጊዜ ቀረጽን፤ ሁለቱም ጊዜ ሲጫወቱ ያስታውቅባቸዋል። በሦስተኛው ድዌን ማንም ሳይነግረው በጓንቱ በጂኔት በኩል ያለውን መስኮት ጤዛ ጠረገላት። እሷም ውጭ ውጭውን አየች። ሌላ ምንም አልሆነም። እኔ ግን ትንፋሻቸውን እየሰማሁ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ኦሊቭና ኦረስት ከጎኔ ቆመው በትንሿ ስክሪን ያዩ ነበር።

"እንዲህ አድርጌ ነበር?" አለ ኦረስት በሹክሹክታ።

"አድርገሃል።"

"እኔ አላስታውስም።"

"እኔ አስታውሳለሁ።" ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ "ያኔ አመሰግናለሁ አላልኩህም። አመሰግናለሁ" አለችው።

ኦረስት ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አጠለቀ። "ዐሥራ ሁለት ዓመት ስጠብቀው ነበር ብልሽ ውሸት ነው። ግን ደስ አለኝ።" ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። "እናቴን እስክትሞት ያጠብሻት፣ ያጎረስሻት አንቺ ነሽ። ለዳኛው ልነግረው ፈልጌ ነበር። ቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም።"

ኦሊቭ ክንዱን ያዝ አድርጋ እንደዚያው ቆመች። ሪሳ "ቁረጡ" ማለቱን ረስታው ኖሮ ካሜራው ብዙ ሮጠ።

ፊልሙ በመጸው ወራት፣ መሐል ከተማ በሚገኝ አሮጌ ሲኒማ ቤት ታየ። ሌስያ ከሬጃይና መጣች፤ እናቷ ተጫውታለች ከመባሉ በቀር የምታውቀው ነገር አልነበረም። በእናቷና በአባቷ መካከል ተቀመጠች። ኦሊቭ በስክሪኑ ላይ ብቅ ብላ ስም ስትጠራ ከኋላ አንድ ሰውዬ "አቤት!" ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። የፒካፑ ትዕይንት ሲያልቅ ግን የአባቷ መኪና መሆኑን ያወቀችው ሌስያ ተነሥታ ወጣች። ሁለቱ ተከተሏት፤ እኔም መተላለፊያው ላይ ነበርኩ።

"ይሄ እውነት ነው?" አለች።

"እውነት ነው" አለች ኦሊቭ።

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ እኮ የተጠላላችሁ መስሎኝ ነው ከሁለታችሁም ስሸሽ የኖርኩት!"

"አልጠየቅሽንም" አለ ኦረስት።

"ምን ብዬ ልጠይቅ አባዬ? 'ትጠላታለህ ወይ' ልበልህ?"

ኦረስት ረጅም እጁን ዘርግቶ አቀፋት፤ ኦሊቭን ደግሞ ሌስያ ራሷ ጎትታ አስገባቻት። ወደ አዳራሹ ሲመለሱ በፊልሙ መጨረሻ የምስጋናው ዝርዝር እየወጣ ነበር። ሪሳ የሁለቱን ስም በአንድ መስመር ላይ ነበር የጻፈችው።

ሰው "ታረቃችሁ? ልትጋቡ ነው?" ሲላት ኦሊቭ "ምን ቆርጦኝ! ማንኮራፋቱስ የት ሄዶ?" ትላለች። አልተጋቡም፤ አይጋቡምም። ዘንድሮ ግን ሌስያ በቤተሰቡ ወግ ለገና ዋዜማ የሚቀርበውን ዐሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቤቷ ሠርታ ሁለቱንም ጠራቻቸው። በማግሥቱ ኦሊቭ ደውላልኝ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። የቀይ ሥሩ ሾርባ ጨው በዝቶበት ነበር አለችኝ፤ ኦረስት ሁለቴ አስጨመረ።