ለእኔ የተጠቀለለ ጉርሻ

አባቴ የሚያጎርሱት አፍ እስኪሞላ ነበር። ጡረታ የወጡ ቀያሽ ስለነበሩ፣ "መሬት ሲለኩ የኖሩ ሰው የሰው አፍ መለካት እንዴት ያቅታቸዋል?" እያልን እንስቅባቸው ነበር። እንግዳም ይሁን የቤት ሰው፣ እሳቸው ሳያጎርሱት ከማዕድ የሚነሳ የለም። እምቢ ያላቸውን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያኮርፉታል።

በደርግ ጊዜ፣ እናቴ ካረፈች በኋላ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም በማይርቅ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። እኔ ቤት ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ እሳቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አውሮፕላን ይቆጥራሉ። መጀመሪያ ቁጥሩ ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ የቤታችን በር ጠፋባቸው፤ በመጨረሻ እኔው ጠፋሁባቸው። በልጅነታቸው ያሳደገቻቸውን ታላቅ እህታቸውን መስያቸው "እትዬ" ይሉኝ ጀመር። ጎረቤቱ "ጃጁ" አለ። ዛሬ ሐኪሞች የሚጠሩበትን ስም ያኔ አናውቀውም ነበር።

መርሳቱን ለመድኩት። ያላወቅሁት፣ ሰው መዋጥንም እንደሚረሳ ነው። ምሳ ከበሉ ከሰዓታት በኋላ ጉንጫቸው ውስጥ እንጀራ አገኛለሁ። ያስላቸዋል፣ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ ደረታቸው እሳት ላይ እንደተረሳ ሽሮ ይንተከተካል። እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ ባይ! ትራስ ላይ እንደተጋደሙ አጎርሳቸዋለሁ፤ ሲያስላቸው ያወርድላቸዋል ብዬ ውሃ እግታቸዋለሁ። አክታው ሲበዛ፣ ብርድ ነው ብዬ በርና መስኮት ዘግቼ አፍናቸዋለሁ።

አንድ ቀን ይህን ሳደርግ ጎረቤታችን ደረሰችብኝ። ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ሰፈሩ በሙሉ "ሲስተር" ነው የሚላት። ብርጭቆውን ከእጄ ነጠቀችኝ።

"ልትገያቸው ነው እንዴ? ውሃውኮ ወደ ሳንባቸው ነው የሚሄድባቸው!"

"ታዲያ በውሃ ጥም ይሙቱልሽ?" አልኳት። ያኔ ምላሴ ስለታም ነበር፤ አሁንም ብዙ አልዶለዶመም።

አልተቀየመችኝም። አባባን ወንበር ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻቸውና አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አደረገችው። ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ወፍራም አጥሚት አሠርታኝ ግማሽ ማንኪያ ሰጠቻቸው።

"አፋቸውን አትዪ፤ ማንቁርታቸውን እዪ። ወደ ላይ ብሎ ካልወረደ አልዋጡም። እስኪውጡ ጠብቂ።"

ደረቅ እንጀራ ከለከለችኝ። በልተው እንደጨረሱ ማስተኛትም ከለከለችኝ። አክታ ሲይዛቸው በጎናቸው አስተኝቼ ጀርባቸውን በጭብጤ መታ መታ እንዳደርግ አሳየችኝ።

ከዚያ በኋላ ጥቂት ደህና ወራት አገኘን። አውሮፕላን ሲያልፍ አፋቸውን ከፍተው ሽቅብ ስለሚያዩ፣ ማንኪያዬን ይዤ አውሮፕላኑ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። አንድ ሳህን አጥሚት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ትዕግሥት አብሮኝ አልተፈጠረም፤ አንዳንዴ ጥርሴን ነክሼ ነው የምጠብቀው። ቢሆንም ሳሉ ቀነሰ፣ ደረታቸውም ጸጥ አለ። በራሴ ኮራሁ።

አንድ ልማዳቸው ብቻ አልለቀቃቸውም። አጠገባቸው ስበላ እጃቸውን ወደ ሳህኔ ይሰዳሉ። ለራሳቸው አይደለም። ይጠቀልሉና፣ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ወጡ በአገጬ እየወረደ፣ "እትዬ፣ በሞቴ" ብለው ያጎርሱኛል። ሲስተር ይህን ስታይ ደስ ይላታል። "ጉረሺላቸው፤ ብቻ ወደ እሳቸው አፍ እንዳይገባ" ትለኝ ነበር።

እሑድ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ አለ። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ በዚያን ጊዜ ስም መያዝ ቀላል ነገር አልነበረም። ሌላ ጊዜ እኔ ስብሰባ ስሄድ ሲስተር ትጠብቅልኛለች። በዚያች እሑድ ግን ተረኛ ነበረችና ከስምንት ሰዓት በፊት አትመጣም። ስብሰባው በሰባት ሰዓት ነው።

የአባባን አጥሚት አብልቼ ጨርሻለሁ። የራሴን ምስር ወጥ ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ቆሜ እየጎረስኩ፣ የጠፋብኝን መታወቂያ ፍለጋ ቤቱን አተራምሳለሁ። ሰዓቱ ሄዷል።

"እትዬ" አሉ።

ዞር ስል ያንን የጥንቱን፣ አፍ የሚሞላውን ጉርሻ ይዘው እጃቸውን ዘርግተዋል።

"እትዬ፣ በሞቴ! አፈር ስሆን!"

"ኧረ ተዉኝ አባባ! ራስዎ ይብሉት!" ብዬ ጮህኩባቸው፤ እጃቸውንም ገፋሁት።

ታላቅ እህታቸው የተቆጣቻቸው መሰላቸው። ታዘዙ።

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መሳቢያ እከፍታለሁ። ሳል አልሰማሁም፤ ሳል አልነበረማ። ዞር ስል ፊታቸው ጠቁሯል፣ እጃቸው አየር ይጨብጣል። ወደ ፊት አስጎንብሻቸው ጀርባቸውን ደጋግሜ መታሁ። አብዛኛው ወጣ። ተነፈሱ። አፋቸውን ጠረግሁላቸው፣ ወንበራቸው ላይ አመቻቸኋቸው። መታወቂያዬንም አገኘሁትና ሄድኩ። አዎ፣ ትቻቸው ሄድኩ። ስሜ እንዳይያዝ።

ስመለስ ሲስተር ቀድማኝ ደርሳ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ደረታቸው እንደ ድሮው ይንተከተካል።

"ምን ቀመሱ?" አለችኝ።

"አጥሚት ብቻ።"

"ትን ብሏቸው ነበር? ደረቅ ነገር አልነኩም?"

"ምንም አልነኩም።"

ግልምጫዋን ፈራሁ። እጃቸውን መግፋቴን መናገር አፈርኩ። በሕይወቴ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ በቃላት ቁጥር የሚያንሰው ይህ ነው፤ የከበደኝም ይኸው ነው። ሲስተር አመነችኝና ጉንፋን ነው አለች። ሁለት ቀን የባሕር ዛፍ ቅጠል እያፈላን ክፍሉን በእንፋሎት ሞላን፣ ጀርባቸውን ተራ በተራ መታ መታ አደረግን። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲነሳባቸው ሆስፒታል ወሰድናቸው። ሐኪሙ ምግብ ገብቶ ሳንባቸው እንደቆሰለ ነገረንና፣ "ለምን ዘገያችሁ?" ሲል ጠየቀ። "ጉንፋን መስሎኝ እኔ ነኝ ያዘገየኋቸው" አለች ሲስተር፣ ጥፋቱን ወደ ራሷ ወስዳ። ሳምንት አልሞላቸውም፣ አረፉ።

እነዚያ ሁለት ቀኖች ባይባክኑ ይተርፉ ነበር ወይ? አላውቅም። አለማወቄ ራሱ ያቃጥለኛል።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን፣ ጎረቤት ምግብ ይዞ መጥቶ ብሉ ሲለን፣ ሲስተር ከአጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኖቿ በለቅሶ አብጠዋል። ጠቀለለችና ወደ አፌ ዘረጋች።

"በሞቴ፣ እህል አልቀመስሽም እኮ።"

ጎረስኩላት። አልወርድ አለኝ፤ ጉንጬ ውስጥ ይዤው ቀረሁ። እውነቱን ልነግራት የፈለግሁት ያኔ ነበር፤ አፌ ግን ሙሉ ነው። እሷም እንደ ልማዷ ዓይኗን ማንቁርቴ ላይ አድርጋ፣ እስክውጥ ትጠብቀኛለች።