የኤልናታን ስልክ

ኤልናታን በሐዋሳ የታወቀ የባጃጅ መካኒክ ነበር። ራሱ ከአረቄ ከተላቀቀ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌሎችን ሲያላቅቅ ኖረ። መጠጥ ያማረው ሁሉ ይደውልለታል፤ እሱም የያዘውን መፍቻ ጥሎ ይሄዳል። ደረሰ የሚባለውን ጠጪም ቱላ ሰፈር ከሚገኝ አረቄ ቤት ደጃፍ ያነሳው እሱ ነው። ባለፈው ወር ልቡን ታሞ በድንገት ሲያርፍ ባለቤቱ ሮማን ስልኩን ለደረሰ ሰጠችው።

"አደራ፣ እንዳትዘጋው" አለችው።

ደረሰ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አጣ። መጠጥ ከተወ ገና ዓመቱ ነው። ቢደወል ምን ይላል? ሄዶ ሽታው ቢያሸንፈውስ?

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ስልኩ ጠራ። አነሳው።

"ወንድም ኤልናታን፣ ድረስልኝ!" አለች አንዲት ሴት እያለቀሰች። "ጠርሙሱ ፊቴ ነው።"

"ኤልናታን አርፏል፣ እህቴ። እኔ ደረሰ እባላለሁ፤ እኔንም ያዳነኝ እሱ ነው። የት ነሽ?"

የዘጋችበት መስሎት "አለሽ?" አላት።

"ቡሹሎ" አለች በመጨረሻ። "ጤና ጣቢያው አጠገብ።"

መንገዱን ሙሉ በስልክ እያዋራት ሄደ። ያልተከፈተ ጠርሙስ ታቅፋ ደጇ ላይ አገኛት። እንዲቀበላት ዘረጋችለት።

"አንቺው ድፊው" አላት ወደ ኋላ እያለ። "እኔ ልነካው እፈራለሁ።"

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ከፍታ ደፋችው።