ግሶች የሚቀመጡበት ቤት

ሐረር ከተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተሰጠኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዚያው ሳምንት ከሸዋ በር ገበያ ትልቅ ካርቶን ገዝቼ ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ በግራ ግሶቹን በሰማያዊ፣ በቀኝ ከግሶቹ ኋላ የሚከተሉትን ትንንሽ ቃላት በቀይ ጻፍኩ። ሊስን ከቱ ጋር፣ ዌይት ከፎር ጋር፣ ዲፔንድ ከኦን ጋር፣ ላፍ ከአት ጋር። መስመሮቹን አንድ በአንድ በማስመሪያ አሰመርኩ። ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ሰቅዬው ራቅ ብዬ አየሁትና ከእንግዲህ ማንም አይሳሳትም አልኩ።

ተሳሳቱ። እኛ ስለ አንድ ጉዳይ እንወያያለን፤ ስለዚህ ተማሪዎቼ ዲስከስ ብለው አባውት ይጨምሩበታል። እኛ ወደ ቤት እንገባለን፤ ስለዚህ ኢንተር ብለው ቱ ያስከትላሉ። አውቶቡስ ስንጠብቅ ግን ምንም መጨመር ስለማያስፈልገን ዌይት ያለ ፎር ብቻውን ይቀራል። እንግሊዝኛውን የአማርኛ ነጠላ ያለብሱታል ማለት ነው፤ እኔም በተማሪነቴ እንደዚያው አደርግ ነበር።

ማብራራት ስለምወድ ለእያንዳንዱ ቃል ምክንያት መስጠት ጀመርኩ። «ሳቅ እንደ ጠጠር ሰው ላይ ያነጣጥራል፤ ስለዚህ አት ነው» አልኩ። «ሰው የሚጠብቀው ለአንድ ነገር ሲል ነው፤ ስለዚህ ፎር ነው» አልኩ። ምክንያት ያጣሁለት ግስ ሲኖር እስካገኝለት ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ምክንያቶቼን ከሁሉ አብልጣ የምትወድ አንዲት ልጅ ነበረች፤ በግንብ በታጠረው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ የሚኖሩ የአንድ ሐረሪ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ «ሚስ፣ ለምን?» ማለት አይታክታትም። ነርስ መሆን ትፈልጋለች። ተማሪዎቹን በአዳሪነት የሚቀበለው የነርሶች ማሠልጠኛ በዓመቱ መጨረሻ የመግቢያ ፈተና ነበረው፤ የእንግሊዝኛው ወረቀት ደግሞ አብዛኛው ባዶ ቦታ ሙሉ የሚል ነው። አባቷ እንድትፈተን ፈቅደውላታል፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ከወደቀች ትምህርቱ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ቤት ትውላለች።

ጭንቀቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ምክንያቶቼን በቃሏ ትወጣቸዋለች፤ ባዶ ቦታውን ግን ትስታለች። ዲፔንድ ላይ ደርሳ ቱ ጻፈች።

«ለምን ቱ አልሽ?» አልኳት።

«ሚስ፣ ሰው ሲቸግረው ወደሚመካበት ሰው ስለሚሄድ።»

ምክንያቷ ከእኔ ምክንያቶች አንዱም አያንስም። መልሱ ግን ስህተት ነበር።

ፈተናው ሲቃረብ አባቷ ትምህርት ቤት መጡ። ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

«መምህርት፣ እናቴ ልጅቱን የሚያስተምራትን ሰው ካላየሁ ብለዋል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ቤት ይምጡና እዚያው ያስጠኗት።»

ዓርብ ዕለት በሸዋ በር ገብቼ፣ ልጅቷ እየመራችኝ፣ በጠባቡ መንገድ ወረድን። ደጃፉ ላይ ጫማዬን አውልቄ ወደ ውስጥ ስገባ ዓይኔ የሚያርፍበት ጠፋው። ግድግዳው በሳህንና በሙዳይ ተሸፍኗል። ከፍና ዝቅ ያሉ፣ ምንጣፍ የለበሱ ቀይ መደቦች ክፍሉን ከብበውታል። የልጅቷ አያት ትንሹ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ አባቷ ገና አልገቡም።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በእኛ ቤት እንግዳ በር አጠገብ አይቀመጥም፤ «እለፊ፣ ከፍ በይ» እየተባለ ወደ ላይ ይገፋል፣ እምቢ ማለትም ነውር ነው። ስለዚህ አስተናጋጆቼን ላለማድከም ብዬ፣ ማንም ሳይለምነኝ አልፌ፣ ከፍ ብዬ፣ ባዶ ሆኖ ያየሁት ያማረ መደብ ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

«ልጄ፣» አሉ አያትየዋ ሐረሪ በተቀላቀለበት አማርኛቸው፣ «ቤቱን ገዝተሽው ነው?»

ለካ የተቀመጥኩት የቤቱ ጌታ መደብ ላይ ኖሯል። ብድግ ስል አባቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አሉ እየሳቁ።

«ኧረ አትቀመጥም፤ ወላሂ እዚያ ከለመደች አንተን ደጅ ታሳድርሃለች» አሉ እናታቸው። ከዚያ በያዙት መቁጠሪያ እየጠቆሙ አሳዩኝ፤ ያ የጌታው፣ ይህ የእንግዳ፣ ያኛው የሴቶች፣ ይኼ ትንሹ የእሳቸውና አጠገባቸው የምትቀመጠው የልጅቷ።

እኔ መቼም ሳልጠይቅ አልችልም፤ ጠየቅሁ። «ይቅርታ እማማ፣ የጌታው መደብ እዚህ የሆነው ለምንድን ነው? በሩን ለማየት ነው?»

«ለምን?» አሉ፤ ጥያቄው ገርሟቸው። «እዚያ ስለሆነ ነዋ።»

«ታዲያ ልጆች እንዴት ይማሩታል?»

«ይቀመጣሉ። የሰው ቦታ ከሆነ ተነሡ ይባላሉ። ከዚያ ወዲያ እግራቸው ያውቀዋል። አንቺ አሁን ተመልሰሽ እዚያ ትቀመጫለሽ?»

«በፍጹም።»

«አየሽ፣ እግርሽ ተማረ።»

ያን ሁሉ ወር የለፋሁበት ሠንጠረዥ ከነቀለሙ ታየኝ። ለዚህች ልጅ ምክንያት ስደረድርላት፣ እሷ በቤቷ ያለ አንዳች ምክንያት ሳትሳሳት ትቀመጥ ነበር። ግስም እንዲሁ ነው፤ ቦታ አለው፣ ቦታውን በመቀመጥ እናውቀዋለን። ደብተሬን ዘግቼ ተነሣሁ።

«እማማ፣ ቤቱን ልዋስ?»

«የልጄን መደብ ካልነካሽ።»

አልነካሁም። ትልቁን የእንግዳ መደብ ኦን አልኩት፣ ትንሹን የአያትየዋን አት፣ ከኋላ ያለውን ፎር፣ በሩ አጠገብ ያለውን ቱ። እንደ ኢንተርና ዲስከስ ያሉት፣ ከኋላቸው ምንም የማይፈልጉት፣ ወለሉ ላይ እንዲቆሙ ወሰንኩ። እኔ ግሱን ስጠራ ልጅቷ ሮጣ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች። ስትሳሳት «ተነሺ፣ የሰው ቦታ ነው» እላታለሁ። ምክንያት አልሰጥም። ምላሴን መያዝ ከሁሉ የከበደኝ ነገር ነበር።

«ዌይት» ስል ወደ ኋላ ሮጠች። «ሊስን» ስል ወደ በሩ። «ዲፔንድ» ስል ቆም አለች፤ ልታስብ ነው።

«ምን ይገትርሻል? ሂጂ» አሉ አያቷ፤ እሷም ደንግጣ ትልቁ መደብ ላይ ወደቀች። ትክክል ነበር። «ዲፔንድ ኦን» አለች፤ ደግማ «ዲፔንድ ኦን» አለች፤ ታናናሽ እህቶቿም ገብተው አብረው ይሮጡ ጀመር።

«ሚስ፣ ሉክ ግን ሁለት ቦታ አለው» አለች እያለከለከች። «ስናይ አት፣ ስንፈልግ ፎር።»

አያቷ እንድተረጉምላቸው ጠየቁና ሲሰሙ አልገረማቸውም። «ያገባች ልጅስ ሁለት ቤት የላትም?»

ማግባት ሲነሣ ደግሞ ሜሪ የሚለውን ግስ ጠራሁ፤ ልጅቷም ወለሉ ላይ ብቻዋን ቆመች። አያቷ ትርጉሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለምን ብቻዋን ትቆማለች? እንግሊዞች 'ከእገሌ ጋር' አይሉም?»

«አይሉም፣ እማማ።»

«ብቻቸውን ነው የሚያገቡት? ምስኪኖች።»

አባቷ መደባቸው ላይ ሆነው ሳቃቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

ሰኞ ዕለት ሠንጠረዡን አወረድኩ። የክፍሉን ወንበሮች ወደ ውጭ አውጥተን ማዕዘኖቹን መደብ አደረግናቸው። ዲሬክተሩ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ሚስ፣ ይህ ሁሉ ሩጫ ምንድን ነው?»

«ግሶቹን እያስቀመጥን ነው።»

«ይቀመጡ እንጂ ታዲያ፣ ጣሪያው ሊወርድብን ነው» ብለው ሄዱ። አልከለከሉንም። እኔም በየዓርቡ ጀጎል እየወረድኩ ልጅቷን አስጠናኋት። አባቷ አንዳንዴ ሱቃቸውን ቀደም ብለው ዘግተው ይመጣሉ። «አንድ ጊዜ ብቻ» ያሉትን ቃል ግን አልረሱትም።

በፈተናው ቀን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ስትወጣ ፊቷ ላብ በላብ ነው።

«እንዴት ነበር?»

«ሚስ፣ በሐሳቤ ቤታችን ገብቼ ሮጥኩበት» አለች።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ሰው እየገፋን እስከ ማስታወቂያ ሰሌዳው ገባን። ስሟን እኔ ቀድሜ አየሁት፤ ግን ራሷ እስክታገኘው ዝም አልኩ። ስታገኘው አልጮኸችም። ክንዴን ጨበጥ አድርጋ ወደ ሸዋ በር መሮጥ ጀመረች፤ እኔም መምህርነቴን ረስቼ ነጠላዬን ሰብስቤ ከኋላዋ ሮጥኩ።

አባቷ መደባቸው ላይ ነበሩ። ሰሙ፤ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ቀጥለውም «ቃል ቃል ነው፤ ትሄዳለች» አሉ። አያቷ ግን አጠገባቸው ያለውን የልጅቷን ቦታ በእጃቸው ይዳብሱ ነበር።

«ይህን ማን ይሙላው?» አሉ።

እኔ ወለሉ ላይ፣ ኢንተርና ዲስከስ በሚቆሙበት፣ ጫማዬን አውልቄ ቆሜ ነበር። አያቷ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዓርብ ዓርብ መምጣትሽን አትተዪም አይደል?»

«አልተውም፣ እማማ።»

«በይ ነይ። እሷ እስክትመለስ ያንቺ እዚህ ነው።»

«ለምን እኔ?» የሚለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ሄጄ ተቀመጥኩ።