ያልተሰማቸው ፍም

ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ፊት ይልቅ እግራቸውን አውቀው ነበር። እሳቸው ምድጃው አጠገብ መደብ ላይ ሲቀመጡ እኔ ከታች አጎዛ ላይ ስለምሆን፣ ታሪኩ ከላይ ሲወርድልኝ ዓይኔ የሚያርፈው የተሰነጣጠቀው ተረከዛቸው ላይ ነበር። አባባ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። በክብረ በዓል ማኅሌት ቆመው ያድራሉ፤ በሌላው ቀን ምሽት ደግሞ ያ ሁሉ ብርድ እንዲወጣላቸው እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው ይተርኩልናል።

ያኔ የምንወደው በአንድ እግሩ ቆሞ ስለጸለየው ጻድቅ የሚነግሩንን ነበር። እግሩ ከመቆም ብዛት ተቆርጦ ሲወድቅ ጻድቁ ጸሎቱን እንዳላቋረጠ፣ እግዜርም ክንፍ እንደሰጠው ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ይላል። እኔ ሁልጊዜ ክንፉ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው እጠይቃለሁ፤ እሳቸውም ሁልጊዜ «አንቺ ነገረኛ!» ይሉኛል።

አንድ ምሽት እዚያው ታሪክ ላይ እንዳለን ፍም ከጉልቻው ሥር ተንከባሎ በእግራቸው ጣቶች መሐል ገባ። እኔ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነበር፣ የበግ ጭንቅላት ሲለበለብ የሚሸት ዓይነት። እናቴ ጮኻ ፍሙን በእጇ ስታራግፍ አባባ ገና እየተረኩ ነበር።

«ምን ሆናችኋል?» አሉ። ጎንበስ ብለው የሌላ ሰው እግር የሚያዩ ይመስል አዩት። «አላመመኝም እኮ።»

እናቴ ተንበርክካ ያንን እግር ሳመችው። በማግስቱ ወሬው መንደሩን አዳረሰ፤ ጸጋ ነው ተባለ፣ ጎረቤቱም እየመጣ ጉልበታቸውን ይስም ጀመር። እኔማ ከሁሉም ባስኩ፤ አባባ ጋቢያቸውን ባወለቁ ቁጥር ክንፍ በቅሎ እንደሆነ ትከሻቸውን እሰልል ነበር።

ቁስሉን በጠበል አጠብነው። ስለማያማቸው ማንም አልቸኮለም፤ እሳቸውም በዚያው እግር ማኅሌት ቆሙ። ጣታቸው ሲጠቁር እንኳ «አብሽሩ፣ ምንም አያመኝም» ይሉን ነበር። ሽታው የቤቱን ጭስ ሲያሸንፍ አባቴ በአውቶቡስ ደሴ ወሰዳቸው። ሐኪሙ ስኳር በሽታ እንዳለባቸው፣ የእግራቸውን ስሜት የገደለውም እሱ እንደሆነ ነገረው። ጊዜው ግን አልፎ ነበር፤ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ሲመለሱ እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡ። ከጋቢው ሥር ወደ እሳቱ የወጣው አንድ እግር ብቻ ነበር። እኔም የማውቀውን ጠየቅሁ፤ «አባባ፣ ክንፉስ መቼ ነው የሚመጣው?»

እናቴ አፌን ልትይዝ ስትነሣ አባባ በእጃቸው ከለከሏት።

«እሱ ጻድቅ ነው ልጄ። እኔ በሽተኛ ነኝ።»

ያንን ታሪክ ከዚያ ወዲያ አልተረኩልንም፤ እኛም ተርኩልን ለማለት አልደፈርንም።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። አሁን ስኳሩ ያለው አባቴ ላይ ነው። ከከተማ በመጣሁ ቁጥር እዚያው ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብዬ እግሩን በስልኬ መብራት አያለሁ፤ ጣቶቹን እየገለጥኩ፣ ተረከዙን እያገላበጥኩ። ወደ እሳቱ እንዳይዘረጋ ስለምነው ይስቅብኛል፤ ብርዱ ደግሞ ያው ድሮ የነበረው ብርድ ነው፣ ዞር ስል ይዘረጋል። ባለፈው እሑድ ትንሿ ጣቱ ሥር ጫማ የላጠው ቁስል አገኘሁ። ጫን አደረግሁትና ፊቱን አየሁት፤ ቅንድቡ እንኳ አልተነቃነቀም።

«አባዬ፣ አያምህም?»

«አብሽሪ ልጄ» አለኝ ደስ ብሎት፤ «ምንም አያመኝም።»

እግሩን ጭኔ ላይ እንደያዝኩ፣ እንዲያመው ጸለይኩ።